ቆጣሪው አንድ፣ ምድጃው አምስት

«ክረምት መጣ» ሲባል ቆላ ላለ ሰው ጎርፍ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ጃንጥላና ጭቃ ትዝ ይለው ይሆናል። ብቸና ወይም ሞጣ ላደገ ሰው ግን ቀድሞ ትዝ የሚለው ማገዶ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ፣ የጮቄ ብርድ የሚደርሳቸው ደጋዎች ናቸው። ብርዳችን ደግሞ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆየው፣ ዝናብና ጉም የተቀላቀለበት እርጥብ ብርድ ነው። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥልበት ደረቅ ብርድ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ተማሪው ወደ ወላጆቹ ይገባል፤ ከተማ ውስጥ የሚቀሩት ባለትዳሩ፣ ተከራዩ መምህር፣ የቀን ሠራተኛውና እንጀራ ሻጯ ናቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከየገጠሩ ስንቁን ተሸክሞ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት በእነዚህ ሁለት ብርዶች መካከል ስለሚመጣው የመብራት ሂሳብ ነው። «መብራት ተወደደ» የሚለው እሮሮ ለማንም አዲስ አይደለም። እኔ የማነሳው ግን ትንሽ ለየት ያለ ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ለዝቅተኛ ተጠቃሚ ተብሎ የተቀመጠ ርካሽ የኤሌክትሪክ ዋጋ አለ። ይህ ዋጋ ግን የተሰጠው ለቆጣሪ እንጂ ለሰው አይደለም። ስለዚህ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ተከራይ፣ ማለትም ከሁሉ ይልቅ ርካሹ ዋጋ የሚያስፈልገው ሰው፣ አያገኘውም። በብርድ ወራት ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ ወደ ሕይወት ይሄዳል። አለቀ፤ የምለው ይኸው ነው። ቀጥሎ ያለው ማስረጃው ነው።

በመጀመሪያ በብርድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ለምን እንደሚበዛ እንይ። እኛ አገር እንደ አውሮፓ ቤት ማሞቂያ የሚባል ነገር በየቤቱ የለም። የምንሞቀው በምናበስልበት ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው የምድጃው ዋና ሲሳይ ኩበትና የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ብልህ ባለቤት ኩበቷን በበጋው ጠፍጥፋ አድርቃ፣ ሰኔ ሳይገባ ከልላ ታስቀምጣለች። የኪራይ ቤት ኗሪ ግን ይህን የምታደርግበት ጓሮም፣ የምትከምርበት ቦታም የላትም። ከገበያ ገዝታ ነው የምታነደው። ዝናቡ ሲበረታ እንጨቱ ይርሳል፣ ከሰሉ ይወደዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባየነው ግጭት ደግሞ መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ከሰል የሚያመጣውም መኪና፣ እንጨት የምታመጣውም አህያ አብረው ይቀራሉ። ያኔ የሚቀረው አማራጭ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ነው። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ሶኬቱ ላይ የሚሰካው ነገር ምን ያህል እንደሚበላ ብዙዎቻችን አናውቅም። ሂሳቡ ግን የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ከሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ይባላል። ቢላችን ላይ የሚቆጠረው ይኸው ነው። 1,000 ዋት የሆነች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ብትሠራ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ለሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። በወር ሁለቴ ቢጋገር 14፣ በየሳምንቱ ቢጋገር 28። አሁን ያለው ባለ 10 ዋት አምፖል ግን በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1 ከግማሽ ብቻ ነው። ድሮ የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል በዚያው ሰዓት 9 ይፈጅ ነበር። እንግዲህ «መብራት አጥፉ! መብራት አጥፉ!» እያለ በር የሚያንኳኳ አከራይ ሁሉ የሚጮኸው በትንሿ ሌባ ላይ ነው። ትልቁ ያለው ምጣዱና ምድጃው ጋ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ዋጋ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሷ ትጨምራለች። ዝቅተኛው ደረጃ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ ለዚህ ደረጃ ያስቀመጠው ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመት ያህል ታሪፉ ሳይነካ ቆየ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ሲጀመርና በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ሲጨምር እንኳ እስከ 50 የሚጠቀሙትን አልነካቸውም፤ እነርሱ በዚያችው በ27 ሳንቲማቸው ቀጠሉ። በዚያ ማሻሻያ የመጨረሻ ዙር ከ50 በላይ እስከ 100 ያለው 76.7 ሳንቲም፣ እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62.5 ሳንቲም፣ እስከ 300 ያለው 2 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከታች ያለውና ከላይ ያለው ደረጃ ልዩነታቸው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ያለው ብዙ ይክፈል፣ የሌለው ጥቂት ይክፈል ነው ነገሩ። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ዋጋው በሁሉም ደረጃ ላይ ከፍ ብሏል፤ የመሰላሉ ቅርጽ ግን አልተለወጠም። ከዚህ ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ኤሌክትሪክንም ታክስ ውስጥ ሲያስገባ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ነጻ እንዲሆን ተደርጓል። እዚህም ላይ ሐሳቡ ያው ነው፤ ጥቂት የሚጠቀመውን እንተወው፣ ብዙ የሚጠቀመውን እናስከፍለው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ችግሩ ያለው «ጥቂት የሚጠቀም» የሚለው ሲለካ ነው። የሚለካው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ደግሞ ጀርባው ስንት ቤተሰብ እንዳለ አያውቅም።

የብቸናንም ሆነ የሞጣን ግቢ የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይነ ሕሊናው ማየት ይችላል። ፊት ለፊት የባለቤቱ ቤት አለ። ከጎንና ከኋላ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ አራት አምስት ክፍሎች በሰልፍ ይቆማሉ። አንዱ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ ውስጥ አንድ መምህር፣ አንዱ ውስጥ ልጅ የያዘች ሴት፣ አንዱ ውስጥ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ወጣት ይኖራሉ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ በባለቤቱ ስም የወጣ፣ በባለቤቱ በረንዳ ላይ የተሰቀለ።

እስቲ እንደምር። ግቢው ውስጥ አምስት ምድጃ አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በወር ሁለቴ ይጋግራል፣ ምድጃውን በቀን አንድ ሰዓት ያበራል፣ አንድ አምፖል አለው። ከላይ ባየነው ስሌት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ሁሉም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። በቀድሞው የ27 ሳንቲም ዋጋ ሲሰላ አንዱ 12 ብር ገደማ፣ አምስቱ በአንድ ላይ 61 ብር ገደማ ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን ቆጣሪው የሚያነበው 225 ነው። በጣም በቀነሰው ስሌት፣ ማለትም እያንዳንዱ ደረጃ በየራሱ ዋጋ ተነጣጥሎ ቢታሰብ እንኳ፣ ሂሳቡ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር ከ264 ብር በላይ ይመጣል። ከአራት እጥፍ በላይ! የተጠቀሙት ኤሌክትሪክ ያው ነው፤ የጋገሩት እንጀራ ያው ነው፤ የተለወጠው ቆጣሪው አንድ መሆኑ ብቻ ነው። በዚያ ላይ 225 ከ200 በላይ ስለሆነ የታክሱንም መስመር ተሻግረዋል። አምስት ድሆች ተደምረው በወረቀት ላይ አንድ ሀብታም ሆኑ።

«40 ብር ጨመረ አልጨመረ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ ይህ የድሮው ዋጋ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ያሉት ቁጥሮች ከዚህ ከፍ ያሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ጎሮሮ ላይ የሚቀረው ድምሩ ሳይሆን ክፍፍሉ ነው። ቢሉ ሲመጣ የሚያየው አከራዩ ነው። አከራዩ ደግሞ ሂሳቡን ለማካፈል የሚጠቀምበት መለኪያ ብዙ ጊዜ አምፖል ነው፤ «ለአንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ለምድጃ ደግሞ…» እያለ ይቀጥላል። ከላይ እንዳየነው አምፖል ማለት በቢሉ ውስጥ ኢምንት ነገር ነው። በአምፖል ሲካፈል ምድጃ የሌለው ተማሪ ባለ ምጣዱን ጎረቤቱን ይደጉማል። በሰው ቁጥር ሲካፈል ደግሞ ልጆች ያሏት ሴት ትጎዳለች። ክረምት ሲሆን ቢሉ ያብጣል፤ ግቢው ውስጥ ያለው መጠራጠርም አብሮ ያብጣል። «እሷ ናት ሌሊት የምትሰካው»፣ «እሱ ነው በድብቅ ልብስ የሚተኩሰው» እየተባባሉ አንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች በቆጣሪ ይኳረፋሉ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ብቸና ነው፤ አክስቴ ሞጣ ውስጥ በኪራይ ቤት ሆና እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ባለፈው ክረምት ስለዚህ ጉዳይ ሳነሳባት «ልጄ፣ በጋ በጋ የምሠራው ለእኔ ነው፤ ክረምት ክረምት የምሠራው ለቆጣሪው ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለችው ለማማረር ብቻ አይደለም፤ ሂሳቧን ታውቃለች። በበጋ በእንጨት ትጋግራለች፤ ክረምት እንጨቱ ሲርስ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ትዞራለች። ያን ጊዜ የግቢው ቢል ይዘላል። የዘለለው በእሷ ብቻ ነው ተብሎ ትርፉ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። በመሰላሉ ላይ የታችኞቹን ደረጃዎች ሌሎቹ ይዘዋቸዋል፤ የላይኛው፣ ውዱ ደረጃ ለእሷ ይቀራል። የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ግን እሷም ከታች ነበር የምትጀምረው። «ክፈይ ወይ አቁሚ» ስትባል የእንጀራዋን ዋጋ ትጨምራለች፤ ያን እንጀራ የሚገዛው ደግሞ ጎሚስታ ቤት የሚሠራው ያ ወጣት ነው። ዞሮ ዞሮ ድሃው ድሃውን ይከፍላል።

ከዚህ የባሰው ግን ክልከላው ነው። ብዙ አከራዮች የቢሉን ንትርክ ለመገላገል አጭሩን መንገድ ይመርጣሉ፤ «ምድጃ አይሰካም!» በቃ። ተማሪ ቤት ሲፈልግ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ምድጃ ይፈቀዳል?» ብሎ ነው። ካልተፈቀደ ምን ያደርጋል? ከገጠር የመጣውን እንጀራ ቀዝቃዛውን ይበላል፤ ሌሊቱን ለማጥናት ሲቀመጥ ደግሞ ከሰል ያቀጣጥላል። ጭሱ እስኪወጣ ደጅ ያቆየዋል፣ ፍሙ ቀይ ሲሆን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ውርጩ እንዳይገባ በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፤ ከዚያም ሙቀቱ ደስ ብሎት እንቅልፍ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። «ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም» የሚባለው ፍጹም ስህተት ነው። ቀይ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይይዘዋል። ሰውየው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይዝላል፤ እሱ ግን ድካም ነው ብሎ ይተኛል። በዚያው ይቀራል። በየደጋው ከተማ ብርድ በመጣ ቁጥር «ከሰል አፍኗቸው አደሩ» የሚል ወሬ የማንሰማበት ዓመት የለም። እኛ ወሬውን ሰምተን «እግዜር ያጽናቸው» ብለን እናልፋለን። ከወሬው ጀርባ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እነዚህ ሰዎች ሶኬት እያላቸው ለምን ከሰል አነደዱ? መልሱ ሁልጊዜ ቆጣሪ ነው አልልም፤ መብራቱ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። በኪራይ ግቢ ውስጥ ግን «ምድጃ አይሰካም» የምትለዋ ቃል ከመልሶቹ አንዷ መሆኗን እኔ አልጠራጠርም።

በፍትሕ ለመነጋገር የአከራዩንም ወገን ማየት ተገቢ ነው። አከራዩ አውሬ አይደለም። ብዙዎቹ ጡረተኞች ወይም ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ናቸው፤ ከኪራይ ሌላ ገቢ የላቸውም። ቢሉ በስማቸው ይመጣል፤ ካልተከፈለ የሚቆረጠው የእነርሱ መስመር ነው። የቤቱ ሽቦ ስስ ሆኖ አምስት ምድጃ በአንዴ ቢሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሲብስ ቤቱም ይቃጠላል። «አይሰካም» ማለታቸው ከስስት ብቻ የመጣ አይደለም።

የኤሌክትሪክ አቅራቢውም ክርክር አለው። ድሮ መብራት ኃይል የምንለው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱንና ከፍተኛ መስመሩን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉንና ሂሳብ መሰብሰቡን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያዙት። ትራንስፎርመሩ፣ ሽቦው፣ ቆጣሪው ብዙው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲተመን ተሰቀለ። በ1998 ዓ.ም. ዋጋ ለዘላለም መቀጠል እንደማይቻል ማንም ይገባዋል። እኔም «ታሪፉ አይጨመር» እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ሲጨመር ድሃውን ለመጠበቅ የቆመው አጥር ድሃውን በእርግጥ ውስጥ ያስገባው ነው።

ደግሞ «ቁጠቡ» የሚል ምክር አለ። ልክ ነው፤ መቆጠብ ይቻላል። የሸክላ ምጣድ እስኪግል ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል። ሁለት ሦስት ቤት በአንድ ቀን ተራ ይዘው ተከታትለው ቢጋግሩ ምጣዱን ለማጋል የሚወጣው አንዴ ብቻ ይሆናል። የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማውጣት ይቻላል። ድስት ሲጣድ ክዳኑን መክደን፣ ሽሮው አንዴ ከተንተከተከ ምድጃውን ቀደም ብሎ ማጥፋት፣ የሳምንቱን ልብስ አንድ ላይ መተኮስ፣ የቀረችውን አሮጌ አምፖል መቀየር ሁሉም ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ነው። እስከሚቀጥለው ወር ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ቢል ሲመጣ አይደነግጥም፤ አይታለልምም።

ይሁን እንጂ ቁጠባ የመሰላሉን ጥያቄ አይመልስም። አምስቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ከ45 ወደ 35 ቢወርዱ እንኳ ድምሩ 175 ነው፤ አሁንም ከ50 በሦስት እጥፍ ይበልጣል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ባለ ቪላ ለብቻው 175 ቢጠቀም የሚከፍለውን ነው የሚከፍሉት። ድሃ ለብቻው ቆጥቦ ብቻ ከዚህ ጉድጓድ አይወጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንደ እኔ እምነት ሦስት ነገር ይቻላል። የመጀመሪያው ዛሬውኑ የሚሆን ነው። አከራይ ቢሉን ለተከራዩ ያሳይ። ዛሬ ሂሳብ በባንክና በቴሌብር የሚከፈልበት ዘመን ነው፤ ደረሰኙን ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ክፍፍሉም በአምፖል ቀርቶ በምጣድና በምድጃ ሰዓት ይሁን።

ሁለተኛው በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ መግጠም ነው። ይቺ ቆጣሪ ጠቅላላ ዋጋውን አትቀንስም፤ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ስለምታሳይ ግን ጠቡን ታበርዳለች። የተማሪው «ምድጃ ይፈቀዳል?» ጥያቄም መልስ ያገኛል፤ «ተጠቀም፣ የተጠቀምከውን ክፈል» ይባላላ! ሽቦውን ግን አስቀድሞ ባለሙያ ይየው።

ሦስተኛውና ዋናው የመንግሥት ነው። ርካሹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለቆጣሪው ሳይሆን ከቆጣሪው ጀርባ ላለው ቤተሰብ ይሰጥ። አምስት ምድጃ ያለበት ግቢ የታችኛው ደረጃው 50 ሳይሆን 250 ይሁን፤ የታክሱም መስመር እንደዚያው በቤተሰብ ቁጥር ይባዛ። «ማን ቆጥሮ?» ለሚለው መልስ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የተመዘገበ ውል ካለ ግቢው ውስጥ ስንት ተከራይ እንዳለ ይታወቃል። «አከራዩ የሌለ ተከራይ አስመዝግቦ ያጭበረብራል» የሚባል ከሆነ፣ ባልተቀበለው ኪራይ ላይ የኪራይ ግብር እየከፈለ ከመብራት ጥቂት ብር ለማትረፍ የሚያጭበረብር ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ግብሩን ፈርቶ ያለውን ተከራይ የሚደብቅ አከራይ። እዚህ ላይ ግን ርካሹ ዋጋ ራሱ ይረዳል። አከራዩም ተከራዩም ውል በማስመዝገባቸው የሚያገኙት ጥቅም ካለ ወደ ቀበሌ የሚሄዱት በግድ ሳይሆን በፈቃዳቸው ይሆናል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች ልምጣ። ጎጃም በሦስት ወገን በአባይ የተከበበ አገር ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል፣ የካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ሲዞር፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ያላለው የአካባቢያችን ሰው የለም። የብቸናም የሞጣም መምህርና ነጋዴ ቦንድ ገዝቷል። ከእኛ መሐል 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር በቃሉ የማያውቅ ማን ነው? በመንገድ ላይ ቆም አድርጋችሁ «የቤትህ ቢል ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?» ብትሉት ግን የሚመልስ ጥቂት ነው። ሜጋ ዋቱን እናውቃለን፤ ኪሎዋቱን አናውቅም። ትልቁ ዜና ግድቡ ላይ ነው፤ እውነት ነው። የግድቡ ጥቅም የሚለካው ግን የመጨረሻዋ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያለችው ምድጃ ያለ ፍርሃት ስትሰካ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እያንዳንዳችሁ የምትኖሩበትን ወይም ቤተሰቦቻችሁ የሚኖሩበትን ግቢ የአንድ ወር ቢል አግኙና አንብቡት። ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? ስንት ምድጃ ነው የተጠቀመው? ለየምድጃው ሲካፈል ከ50 በላይ ነው በታች? ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከግንደወይን፣ ከየትም የመጣችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ የሰውና የሰፈር ስም አያስፈልግም። የሃያ ግቢ ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ከሰደርን ያ ከእኔ አስተያየት የበለጠ የሚናገር ዘገባ ይሆናል። እስከዚያው ግን ውርጩ ሳይመጣ ታናናሾቻችሁን አንድ ነገር ምከሯቸው፤ ፍም ያለበት ክፍል ውስጥ በር ዘግተው እንዳይተኙ።

ቸር እንሰንብት!